ክርክር፦ የበጎ ፈቃድ ሥራ ከቪዲዮ ማኅበረሰብ ይገኛል?

ጠያቂዋ፦ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ሥር አስተያየት ስንጻጻፍ ከሰዎች ጋር ተግባባን። አሁን «ለምን አብረን በጎ ፈቃድ አንሠራም?» እያሉ ነው። ወንድሜ ደግሞ «እሱ ለቪዲዮው እንጂ ለማንም አይጠቅምም» ይለኛል። እናንተስ?

ተጠራጣሪው፦ ወንድምሽ አልተሳሳተም። ቲም ትሪስን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩቲዩበሮቹ ሚስተር ቢስትና ማርክ ሮበር በዚህ ዘመቻ 20 ሚሊዮን ዛፍ እናስተክል ብለው ተነሱ። ለአንድ ዛፍ አንድ ዶላር። ተሳክቶላቸዋል፣ አልክድም። ግን አብዛኛው ተመልካች ምን ሠራ? ገንዘብ ላከ፣ አበቃ። የተከላው ጣጣ ዛፍ የሚያስተክለው ድርጅት የአርቦር ዴይ ፋውንዴሽንና የአጋሮቹ ነበር። ይሄ መዋጮ ነው፤ መዋጮን በጎ ፈቃድ አንበለው።

ተርጓሚዋ፦ አንተ ደግሞ የሚመችህን ምሳሌ መርጠህ መጣህ! እኔ የገባሁት በትርጉም ነው። የንግግር ቪዲዮዎችን የሚያቀርበው ቴድ የንግግሮቹን የግርጌ ጽሑፍ፣ ማለት ከቪዲዮው ሥር የሚነበበውን፣ በበጎ ፈቃደኞች ማስተርጎም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ያርማል፣ ከዚያ የቋንቋው አስተባባሪ አይቶ ያጸድቃል። የመጀመሪያ ሥራዬ በእርማት ተሞልቶ ሲመለስልኝ አኩርፌ ነበር። ለካ አንድ መስመር ከ42 ፊደል፣ ንባቡም በሰከንድ ከ21 ፊደል ማለፍ የለበትም። እኔ ድርሰት ነበር የጻፍኩት። አንባቢው ግማሽ ሳይደርስ ጽሑፉ ከስክሪኑ ይጠፋል። ይሄን ማንም ሳይከፍለኝ ተማርኩ፤ ሥራ አይደለም ልትለኝ ነው?

ተጠራጣሪው፦ ሥራ ነው። ግን በሰው ግቢ የተተከለ አትክልት ነው፤ ባለቤቱ ሲሻው ይነቅለዋል። ዩቲዩብ ተመልካቾች የግርጌ ጽሑፍ የሚያዘጋጁበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2020 ዘጋው። ተጠቃሚው ጥቂት ነው፣ አይፈለጌ ጽሑፍም በዛ አለ። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ተቃወሙ፤ የተለወጠ ነገር የለም።

ተርጓሚዋ፦ ይቺን አልከራከርም። እኔም ያኔ ተናድጄ ነበር።

ሌላ ተሳታፊ፦ ቪዲዮው ራሱ ሥራው የሚሆንበትም አለ እኮ። ቢ ማይ አይስ የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ እዩት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አለ። ማየት የተሳነው ሰው በቪዲዮ ይደውላል፤ ፈቃደኛው የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን ያነብለታል፣ ወይም የሸሚዙን ቀለም ይነግረዋል። ተመልካች የለ፣ ላይክ የለ። ችግሩ ፈቃደኛው ከደዋዩ በብዙ እጥፍ መብለጡ ነው። ስልክሽ ለሳምንታት ላይጠራ ይችላል፤ ተስፋ አትቁረጪ።

ተጠራጣሪው፦ ይሄኛው ይመቸኛል፣ እውነቴን ነው። ጠያቂዋ ግን ስለ ራሷ ቡድን ነው የጠየቀችው። እስቲ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ሥራው ምንድን ነው? ማን ያስተባብረዋል? ካሜራው ሲጠፋስ ማን ይቀራል?

ጠያቂዋ፦ ጠየቅኳቸው። እስካሁን የተወሰነው የቲሸርቱ ቀለም ብቻ ነው።