ክርክር፦ ልጁ ለቼዝ ሲባል ከስምንተኛ ክፍል ይውጣ?

ጠያቂው፣ ከአራዳ፦
የጎንደር ልጆች፣ ሰላም ለሁላችሁ። የታላቅ ወንድሜ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ፒያሳ ጀበና ቡና የምትጠጡ ሰዎች ሳታዩት አትቀሩም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ቼዝ የሚጫወተው ልጅ ነው። ከጠጠሮቹ አንድ ጥቁር ግንብ ጠፍቶ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ ያቆማሉ። በዚያች ቆርኪ ስንቱን ሽማግሌ ማት ብሎታል። አሁን አባቱ “ክልላዊ ፈተናው ይቅርበት፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ቼዝ ይሥራ፣ ግራንድማስተር ይሆናል” ብሎ ተነሥቷል። ግራንድማስተር የቼዝ ትልቁ ማዕረግ ነው፤ ኢትዮጵያ እስካሁን አንድም የላትም፤ የመጀመሪያው ከጎንደር ቢወጣ ከማንም በላይ የምኮራው እኔ ነኝ። በዚህ መንገድ ግን አላምንም። ወንድሜም ያነበዋልና ሳትፈሩ ተናገሩ።

ከማራኪ፦
እኔ ከአባትየው ጋር ነኝ። ሕንዳዊው ጉኬሽ እ.ኤ.አ. በ2024 በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሁላችን አጨብጭበናል። ይህ ልጅ መደበኛ ትምህርቱን ያቆመው ከአራተኛ ክፍል በኋላ ነው። አባቱ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሳለ ሥራውን ገታ አድርጎ ከልጁ ጋር ከውድድር ወደ ውድድር ዞረ። ግራንድማስተር ሲሆን ገና 12 ዓመት ከ7 ወሩ ነበር። የእኛው ልጅ 13 ሞልቶታል። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርም በ15 ዓመቱ ማዕረጉን ይዞ በ16 ትምህርት ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ስፓስኪን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኛ “ቆይ ይማር” ስንል ዕድሜው አይጠብቀውም።

እናት፣ ከአዘዞ፦
ልጄ፣ ፊሸርን ካነሣህ እስከ መጨረሻው ንገረን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከተፎካካሪው ከካርፖቭ ጋር ለመጫወት እምቢ ብሎ የሻምፒዮንነት ማዕረጉን ተነጠቀ፤ ከ1972 ጀምሮ ለ20 ዓመት ይፋዊ ጨዋታ አልተጫወተም። እኔ ሦስት ልጆች አሳድጌአለሁ። ይህ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው ማዕረጉም ሳይኖረው፣ የስምንተኛ ክፍል ወረቀትም ሳይኖረው ቢቀር ማን ሊጠየቅለት ነው? ጨዋታውን አልጠላሁም። ልጅ ላይ መቆመር ግን ያስፈራኛል።

የቀድሞ ተጫዋች፦
ዘግይቼ ገባሁ፤ ግን ጉዳዩ ስለሚያንገበግበኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው። ማዕረጉን የሚሰጠው የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ ነው። ሬቲንግህ፣ ማለትም የብቃት ነጥብህ፣ 2500 መድረስ አለበት፤ በዚያ ላይ ኖርም የሚባለውን ማሟላት አለብህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ 27 ጨዋታ። አንድ ኖርም ማለት ዘጠኝ ዙር ባለው ውድድር የ2600 ተጫዋች ያህል ብቃት ማሳየት ነው። ከተጋጣሚዎችህ ቢያንስ ሲሶው ራሳቸው ግራንድማስተሮች መሆን አለባቸው፤ ሁሉም ያገርህ ልጆች ከሆኑም አይቆጠርም። እንግዲህ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ሲቀመጥ ከፊቱ የሚቀመጠው ማን ነው? የጎደለው ሰዓት ሳይሆን ተጋጣሚ ነው። ጉኬሽ ያደገው ቼናይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የሕንድ የመጀመሪያ ግራንድማስተር የሆነው የአናንድ ከተማ። እዚያ ግራንድማስተር ፍለጋ አውሮፕላን አይሳፈሩም።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ ልጁን አይቼዋለሁ። መሐል ጨዋታ ላይ ፈረሱ የት እንደሚያርፍ ሳልጠረጥር ሁለት ወታደር በላብኝ። ተሰጥኦው እውነተኛ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ከዚያ ሰሌዳውን አጽድተን አንድ አቋም ደረደርኩለት፦ ለእኔ ግንብና አንድ ወታደር፣ ለእሱ ግንብ ብቻ፤ ያውም ቆርኪዋ። ተከላካዩ ካወቀበት እኩል የሚወጣበት አቋም ነው። ግንቡን ከራሱ ጠርዝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁሞ ንጉሤን ያግዳል፤ ወታደሬ እዚያ ረድፍ ላይ ሲገባ ብቻ ግንቡን ወደ ሌላው ጫፍ ልኮ ከኋላ ንጉሤን እያስፈራራ ቼክ ይላል። የፊሊዶር አቋም ይባላል፤ ከ200 ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ልጁ ግን ቸኩሎ ቼክ ማለት ጀመረና ተሸነፈ። “እንድገመው” አለኝ። በሦስተኛው ያዛት፣ ጣቱን ከቆርኪዋ ላይ ሳያነሣ ወታደሬን ጠበቀ። የፈጀብን አርባ ደቂቃ ነው። ይህን የመሰለ ትምህርት በሳምንት ሦስት ምሽት ብናገኝለት ከትምህርት ቤት የሚያስወጣው ምክንያት አይታየኝም።

የሕክምና ተማሪ፣ ከዚሁ ከጎንደር፦
ባሰም አሚንን ማንም አላነሣውም። ግብፃዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ግራንድማስተር ሆነ፣ ከአፍሪካ ሬቲንጉን ከ2700 በላይ ያደረሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሰውየው በሙያው ሐኪም ነው! የዛምቢያው አሞን ሲሙቶዌም ማዕረጉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ቼዙ ራሱ ነው ዳላስ ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ያስገኘለት፣ በኋላም ኦክስፎርድ ገባ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ይህን በር በገዛ እጁ ይዘጋል።

ከማራኪ፦
ተጋጣሚ በኢንተርኔት ይገኛል። ላይቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ በነጻ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ከግራንድማስተር ጋር የሚገጥም ስንት ልጅ አለ። ጁዲት ፖልጋርም ትምህርት ቤት ሳትመላለስ ቤቷ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1991 በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር ሆና የፊሸርን የዕድሜ ሪከርድ ሰበረች።

እናት፣ ከአዘዞ፦
ቤቷ ተምራ አልክ እኮ። ወላጆቿ አስተማሪዎች ነበሩ፤ ቋንቋውንም ሒሳቡንም ቁጭ ብለው ያስተምሯት ነበር። የኛ ሰው ሱቁን ዘግቶ ነው ፊዚክስ የሚያስተምረው?

የቀድሞ ተጫዋች፦
ኢንተርኔቱ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለኖርም ግን አይቆጠርም። ደግሞ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦብን የከረምንበትን ጊዜ ረሳኸው?

አንድ አባት፣ ከቀሃ፦
ልጆቼ፣ የጥንቱን ሰንጠረዥ፣ የአገራችንን ቼዝ፣ አባቴ ሲያወራ እሰማ ነበር። ጅማሬው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። የልጁ አባት አሁን ያለው ወረራ ላይ ነው። ዕድሜውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ደቡብ አፍሪካዊው ኬኒ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ2014 ዊንድሁክ ላይ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆኖ ማዕረጉን በቀጥታ ሲያገኝ 35 ዓመቱ ነበር። በ13 ዓመት የሚዘጋ በር አይደለም።

ከማራኪ፦
የጋሼን ቃል አከብራለሁ፤ ሰለሞንንም አላውቀውም ነበር። ቢሆንም በ35 መድረስና በ15 መድረስ አንድ አይደሉም። ዓለም ሻምፒዮን የሚሆኑት በልጅነታቸው የደረሱት ናቸው። ፈተናውን ይውሰድ ካላችሁ እሺ፤ ግን ከዚያ በኋላ “አሥረኛን ይጨርስ፣ አሥራ ሁለተኛን ይጨርስ” እያላችሁ ልጁን አታቆዩት። አሠልጣኝ እናግኝለት ያላችሁ ሰዎች ስማችሁን እዚሁ ጻፉ።

አክስት፣ ከአራዳ፦
ታናሽ እህቱ ሁለት ጊዜ አሸንፋዋለች፤ ቤት ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እሷ ያነሣ ሰው የለም። አሠልጣኝ ከተገኘ ሁለቱም ይቀመጡ።

አባትየው፦
ሁሉንም አነበብኩት። ልጄን ለመጉዳት አስቤ አይደለም፤ ማታ ማታ ብቻውን በሁለቱም ወገን ሲጫወት ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ስለ ኖርም የተነገረውን አላውቅም ነበር፤ ጊዜ ብቻ የጎደለው መስሎኝ ነበር። ክልላዊውን ይፈተን። ከዚያ በኋላ ላለው ግን አሁን ቃል አልገባም። ያ በቆርኪ ያስተማረው ወንድሜ ማክሰኞ ማታ ቤት ይምጣልኝ፤ ልጅቷም ትቀመጣለች።

የቀድሞ ተጫዋች፦
እመጣለሁ። ጥቁር ግንብም ይዤ እመጣለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ትርፍ አለኝ።