«ኮፒ ማንሳት ብቻ ነው» ላላችሁት

ቲተር፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «የመንግሥት ቢሮ ኢንተርንሺፕ ኮፒ ማንሳት ብቻ ነው፣ የግል ሂዱ» እየተባለ ተማሪ ሲመከር አየሁ። «ብቻ» የምትለዋ ናት ያበገነችኝ። ገቢ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ይመራበታል፣ ባለሙያው መልስ ያረቅቃል፣ ተፈርሞ ማህተም ያርፍበታል፣ ግልባጩ ፋይል ይገባል። ይህን የሚያውቅ ተመራቂ ስንት አለ?

ነጭ ወረቀት፦ ይሄን ለማወቅ አንድ ሳምንት ይበቃል። ልምምዱ ሁለት ወር ነው። የቀረው ኮፒ።

ቲተር፦ ዝም ብሎ ከተቀመጠማ አዎ። የሲስተም ፓስወርድ ለጊዜያዊ ሰው አይሰጥም፣ መፈረም አይችልም፣ ሚስጥራዊ ፋይል አይነካም። የሚቀረው ረቂቅ ነው፤ እሱን ይጠይቃ! ቃለ ጉባኤ፣ የደብዳቤ መልስ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሰንጠረዥ።

ሦስተኛ ወንበር፦ «ይጠይቃ» አፍ ላይ ቀላል ናት። የትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ «ትብብር እንዲደረግላቸው» ብሎ ያበቃል፤ ተማሪው ምን መሥራት እንዳለበት አንድ መስመር የለውም። የሰው ሀብት ደግሞ ባዶ ወንበር ወዳለበት ክፍል ይመራዋል። የአካውንቲንግ ተማሪ መዝገብ ቤት የሚገኘው ለዚህ ነው። ፋይናንስ ቢደርሰውም በጀት መዝጊያ ላይ ከሆነ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ነጭ ወረቀት፦ «ባዶ ወንበር ወዳለበት»! በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ቲተር፦ ምኑ አለቀ? ያቺ የናቃችኋት ኮፒ እኮ የክፍያ ሰነድ ልትሆን ትችላለች። የግዥ ጥያቄ፣ ፕሮፎርማ፣ የዕቃ መረከቢያ፣ ደረሰኝ። አንዷ ከጎደለች ኦዲተር ግኝት ብሎ ይጽፋታል። እያነበበ ኮፒ የሚያነሳ ይማርባታል።

ዜሮ ብር፦ ትራንስፖርቱንስ ማን ይከፍላል? ኋይት ሀውስ እንኳ ለኢንተርኖቹ መክፈል የጀመረው በፈረንጆች 2022 ነው። 

ነጭ ወረቀት፦ ኋይት ሀውስን ምን አመጣው?

ዜሮ ብር፦ «ትምህርት ነው» በሚል ሽፋን የነፃ ጉልበት የትም እንዳለ ላሳይህ ብዬ ነው። አቅም የሌለው ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት መቅረት ይጀምራል፣ ከዚያ «ሰነፍ» ይባላል።

ሦስተኛ ወንበር፦ እውነት ነው፣ ግን ውጤት የሚያበላሸው የግምገማ ቅጹ ነው። ሱፐርቫይዘሩ መጨረሻው ሳምንት ላይ መስክ ይወጣል፣ ተማሪውን አይቶት የማያውቅ ኃላፊ በግምት ይሞላዋል። ሎግ ቡክ (ተማሪው የዕለት ሥራውን የሚጽፍበት ደብተር) በየዓርቡ ይፈረም፤ ቅጹ ልምምዱ ከማለቁ 2 ሳምንት በፊት ሱፐርቫይዘሩ እጅ ይግባ። ማህተም ከሌለው ትምህርት ክፍሉ ይመልሰዋል።

ነጭ ወረቀት፦ እንግዲህ ምክራችሁ ኮፒ ሲደመር ፊርማ ማሳደድ ሆነ።

ዜሮ ብር፦ ያን ሁሉ አሳድዶም የቅጥር ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ የተገኘ የሥራ ልምድ» ይለዋል።

ቲተር፦ የግሉስ ይቆጠርለታል?

ነጭ ወረቀት፦ ቢያንስ እዚያ ኮፒ አያነሳም።

ቲተር፦ ያነሳል። ባለቀለም ነው እንጂ።