የ7ኛ ክፍል የልኬት ልምምድ፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት በየወረዳችን ለሚገኙ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ዓላማው የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በጠቅላላ ሳይንስ ትምህርት መጠየቅን፣ መለካትንና ያገኙትን በአግባቡ መመዝገብን እንዲለማመዱ ማድረግ ነው። ከረቂቁ ገጾች አብዛኞቹ የዕቃ ዝርዝር መሆናቸውን አልሸሽግም፤ ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ የመስፈሪያ ሲሊንደር፣ የሩጫ ሰዓትና የመሳሰሉት ናቸው። እስከ ሐሙስ ድረስ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ

ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የዕቃውን ዝርዝር የምቃወመው ዕቃ ስላላስፈለገን ሳይሆን፣ ዕቃ እያለም ልኬት እንደማይኖር በዓይኔ ስላየሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ውሃ አፍልተን የፈላበትን ሙቀት እንዲመዘግቡ ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፍዬ ነበር። እየዞርሁ ስመለከት ቴርሞሜትሮቹ 92 አካባቢ ቆመዋል፤ ደብተሮቹ ላይ ግን 100 ተጽፏል። አንዲት ተማሪ መጀመሪያ 92 ብላ ጽፋ ኖሮ በላጲስ አጥፍታዋለች፤ የእርሳሱ ፋና ግን ከ100 ሥር ጎልቶ ይታያል። ለምን እንዳጠፋችው ስጠይቃት «መምህር፣ የእኛ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብዬ ሰሌዳው ላይ የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን የሚለውን ሐረግ ሳልጨምር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃችን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ልጅቷ ያጠፋችው ትክክለኛውን ልኬት ነው። ሐሳባችን አንድ ነገር ብቻ ማሳካት ካለበት ይህ ይሁን እላለሁ፦ ተማሪው ያነበበውን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ባይስማማም እንዳያጠፋው፣ ይልቁንም ለምን እንዳልተስማማ እንዲጠይቅ።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ድሬዳዋ

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እኔ በማስተምርበት ክፍል 68 ተማሪዎች አሉ፤ በየቡድኑ የፈላ ውሃ ማስቀመጥም አልችልም። መፍትሔ ብዬ የሞከርሁትን ልንገራችሁ። አንድ ምድጃ እኔ ጠረጴዛ አጠገብ ይሆናል፤ አምስት ተማሪዎች ተራ በተራ መጥተው ቴርሞሜትሩን ያነቡና ለማንም ሳይናገሩ በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሰሌዳው ላይ ሳሰፍራቸው ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ክፍሉም «ማን ነው የተሳሳተው?» ብሎ ይንጫጫል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ቁሞ ከላይ ወደ ታች አይቷል፣ ሌላው ዓይኑን ከፈሳሹ ጫፍ ጋር አስተካክሎ ጎንበስ ብሏል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የእኛ ውሃ ወደ 96 ይጠጋል፤ የአዲስ አበባ ልጆች 92 አገኙ ብላቸው የእኔዎቹ ምን እንደሚሉ ለማየት እጓጓለሁ።

ቴርሞሜትሮቹን ራሳቸውን መፈተሽ እንዳይዘነጋ። ለስላሳ ከሚሸጥበት ሱቅ በረዶ ገዝቶ፣ ሰባብሮ ከጥቂት ውሃ ጋር መቀላቀል በቂ ነው፤ ድብልቁ ዜሮ ዲግሪ ስለሆነ ዜሮን የማያሳይ ቴርሞሜትር ምን ያህል እንደሚያዛባ ተመዝግቦ ይታረምለታል እንጂ አይጣልም።

የክላስተር ሱፐርቫይዘር፣ ደብረ ብርሃን

ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። በምዘና ውስጥ ያልገባ ሥራ ከሁለተኛው ሳምንት አያልፍም። ከተከታታይ ምዘናው ውስጥ 10 ነጥብ ለልኬት መዝገብ ይመደብ፤ ነጥቡም የሚሰጠው ለመልሱ ትክክለኛነት ሳይሆን ለአመዘጋገቡ ነው፤ መለኪያው ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተለካ፣ አሃዱ እንደተጻፈና የተሰረዘው ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዞ የሚነበብ መሆኑ ይታያል። ላጲስ በልኬት መዝገብ ላይ ይከልከል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ረቂቁ ውስጥ እንድታስገቡልኝ እጠይቃለሁ።

ከተማችን 2,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የእኛ ልጆች ከሁላችሁም ያነሰ ቁጥር እንደሚያገኙ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ፤ ሽሮ ለማብሰል የሚፈጅብንን ጊዜ እናቶች ከእኔ በፊት ያውቁታል።

የፊዚክስ መምህርት፣ ባሕር ዳር

ሁለተኛ ተግባር እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ምንም ግዢ አያስፈልገውም። ክር ላይ ድንጋይ አስሮ ማወዛወዝ፣ ማለትም ፔንዱለም ነው። ከማሰሪያው እስከ ድንጋዩ መካከል ያለው ርዝመት አንድ ሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ አንድ ሰከንድ። አንዱን ውዝዋዜ በስልክ ሰዓት መለካት የእጅን መዘግየት መለካት ነው፤ ሃያውን አንድ ላይ ለክቶ ለሃያ ማካፈል ግን ስሕተቱንም አብሮ ለሃያ ያካፍለዋል። ይህን አንዴ የተረዳ ተማሪ የአንድ ወረቀት ውፍረት ለካ ቢሉት ሳይነገረው መቶ ወረቀት ደርድሮ በማስመሪያ ይለካል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ለመምህራን በሚላከው መመሪያ ላይ በጉልህ ይጻፍልኝ። ልጆች ድንጋዩን ሲለቁ «አንድ» ብለው ይጀምራሉ። ሃያ ሲሉ የተቆጠረው ውዝዋዜ 19 ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት 40 ሰከንድ መሆን የሚገባው 38 ይሆናል። ክፍሉ በሙሉ 1.9 ሲያገኝ ቁጥሩ የሚስማማ ስለሚመስል ማንም አይጠራጠርም። በየቡድኑ ስትለኩ ውጤታችሁ ተቀራራቢ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ከእውነተኛው ዋጋ አጠገብ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህን ልዩነት ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ሲለቁ «ዜሮ» ይበሉ።

የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ

ስለ ልዩነቱ ካነሱ ዘንድ፣ ቃሉን ምን እንበለው? ከእውነተኛው ዋጋ አጠገብ መሆንን፣ «አኩሬሲ»ን፣ ትክክለኝነት ብንል የውጤቶች እርስ በርስ መቀራረብ፣ «ፕሪሲዥን»፣ ያለ ስም ይቀራል። ተቀራራቢነት ይበቃል ወይ?

የፊዚክስ መምህርት፣ ባሕር ዳር

ለእኔ ይበቃል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ የእንግሊዝኛውን ቃል ይማሩታል፤ ሐሳቡን ግን በአማርኛ ይዘውት ቢሄዱ ይሻላል።

የክላስተር ሱፐርቫይዘር፣ ደብረ ብርሃን

እኔ አልስማማም። በአንድ ማኅበር የተፈጠረ ቃል ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሁለቱም ቃላት በድምፃቸው በፊደላችን ይጻፉና ማብራሪያ ይከተላቸው።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ድሬዳዋ

የጋራ ሐሳብ እንደመሆኑ፣ ትምህርት ቤቶቻችንን የሚያገናኝ አንድ ሥራ ቢኖረን ምን ይመስላችኋል? በሚያዝያ መጀመሪያና አጋማሽ መካከል ፀሐይ በየከተሞቻችን አናት ላይ ታልፋለች፤ አዲስ አበባ ላይ ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ባሕር ዳር ላይ ሳምንት ያህል ዘግይቶ። የአንድ ሜትር ዱላ ብንተክል እኩለ ቀን ላይ ጥላው ሊጠፋ ይቃረባል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ደግሞ የጥላው ጫፍ በደቂቃ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚንቀሳቀስ ሕፃን እንኳ ሲሄድ ያየዋል። ጥላው የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ 6 ከ25 ገደማ፣ እኛ ዘንድ 6 ከ13፣ ባሕር ዳር 6 ከ30። ሁላችንም በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ስለምንጠቀም ልዩነቱ የሚመጣው ምሥራቅና ምዕራብ በመሆናችን ብቻ ነው። ሌላው ዕድል ነሐሴ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩም ደመና ነው።

አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ

የጥላውን ሥራ በአባሪነት እናስቀምጠዋለን፤ በዓለ ትንሣኤ ከቀኑ ጋር ሊገጥም ስለሚችል ከዋናው ጋር ማሰር አደጋ አለው። የዕቃው ዝርዝር ወደ አራት ይወርዳል፤ ቴርሞሜትር፣ የአንድ ሜትር ማስመሪያ፣ ክርና የልኬት መዝገብ ደብተር ይሆናሉ። በቃላቱ ጉዳይ ስላልተስማማን ሁለቱንም አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ ውሳኔው በጠቅላላ ጉባኤው ይሁን። የባሕር ዳር ባልደረባችን የፔንዱለሙን መመሪያ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ፣ የድሬዳዋ ባልደረባችን የቁራጭ ወረቀቱን አሠራርና የበረዶውን ፍተሻ፣ ጋሽ ሱፐርቫይዘር ደግሞ የነጥብ አሰጣጡን ሠንጠረዥ እስከ ሰኞ ይላኩልኝ። የመግቢያውን ገጽ የሚጽፉት የፊዚክስ መምህሩ ናቸው፤ በላጲስ በጠፋችው 92 ይጀምሩልን።