«ዩኒፎርሚቲ» አንድነት ነው እንዴ?

ተርጓሚዋ፦ ትናንት በአንድ የትርጉም ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ዩኒፎርሚቲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ አንድ ዓይነት መሆን ማለት ነው፣ «አንድነት» ብለው አስጻፉን። አልበቃቸውም፤ «እንግሊዝኛ ለመመሳሰል ደርዘን ቃል አለው፣ አማርኛ ግን ከ'አንድ ዓይነት' አያልፍም» አሉ። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት አገሮች አንድ መልክ ነበራቸው? ንጉሡም ፕሬዚዳንቱም፣ ዐረብኛ ተናጋሪውም ፈረንሳይኛ ተናጋሪውም ነበረበት። የሚለያዩ ናቸው አንድ የሚሆኑት።

የኬሚስትሪ መምህር፦ በ«አንድነት» ተሳስተዋል፤ በሌላው ግን እውነት አላቸው። «አይደንቲካል» (ፍጹም ተመሳሳይ)፣ «ዩኒፎርም» (መልኩ የማይለዋወጥ)፣ «ሆሞጂኒየስ» (ውስጡ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ)፣ «ሞኖቶነስ» (ሳይለወጥ የሚደጋገም) አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጨው በውኃ አሟሙቼ «ወጥ ድብልቅ» ብል ከኋላ ወንበር «መምህር፣ የሽሮ ነው የምስር?» ተባልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ሆሞጂኒየስ ብዬ እገላገላለሁ።

የላስታ ልጅ፦ «እገላገላለሁ» የምትለዋ ናት ያናደደችኝ። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈለፈለ ሲባል ሽሮ የሚታየው ሰው አለ? መምህር ከቃሉ ከተገላገለ ተማሪው ከየት ያገኘዋል?

የኬሚስትሪ መምህር፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ ወንድሜ። ልጁ ሲወድቅ ቤተ ጊዮርጊስ አይደርስለትም።

የላስታ ልጅ፦ ቅዱሱን ከዚህ ክርክር ያውጡልኝ!

ተርጓሚዋ፦ መምህር፣ ሰርገኛ ጤፍ በእፍኝዎ ይዘው ያሳዩአቸው። ቀዩ ፍሬ ከነጩ ተለይቶ ይታያል። የሟሟውን ጨው ግን ማንም ከውኃው ለይቶ አያየውም። ያኔ «ሰርገኛ» እና «ወጥ» ያላቸውን ልዩነት ልጁ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ እንግሊዝኛውንም ከዚያ ላይ ይጨምርበታል።

ጡረተኛው ወታደር፦ ስለ ልብሱ ማንም አላነሣም። በላቲኑ ዩኒፎርም «አንድ ቅርጽ» ማለት ነው። እኛ «መለዮ» አልነው፤ መለየት ከሚለው። እነርሱ ሰልፉ ውስጥ ያለውን መመሳሰል አዩ፣ እኛ ሰልፈኛው ከሌላው ሰው የሚለይበትን አየን። ለ22 ዓመት ለብሼዋለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ይህን ያየ ቋንቋ ድሃ ነው መባሉ ያመኛል።

የኬሚስትሪ መምህር፦ አባቴ፣ ድሃ ነው አላልኩም። እስቲ «ሞኖቶነስ»ን በአንድ ቃል ስጡኝ። ግሪኩ «አንድ ድምፅ» ነው። «አሰልቺ» እንዳትሉኝ፤ እርሱ የሰሚው ስሜት ነው።

የላስታ ልጅ፦ ችክ ያለ።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ችክ ያለ ግትርም ነው። ደግሞ ሁለት ቃል ነው።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ በሳንቲሙ ላይ በላቲን «ከብዙዎች አንድ» ተብሎ ተቀርጿል። አንድ መሆንን ከአንድ ዓይነት መሆን ለይተውታል። የእኛ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሲደባልቅ፣ ብዝሃነትን የአንድነት ጠላት ያደርገዋል፤ ስንት ቤት የፈረሰበት ጠብ ነው።

የላስታ ልጅ፦ ሐሳብዎ ልክ ነው፤ ግን «ብዝኃነት» ነው፣ በኃ። ከግእዙ «ብዙኅ»።

ከቨርጂኒያ፦ ድምፁ አንድ ከሆነ ሦስት ሀ ለምን እንሸከማለን?

የላስታ ልጅ፦ ይኸው! ስለ ብዝኃነት ጽፈው ሲጨርሱ ፊደሉን አንድ ዓይነት ሊያደርጉት ነው።

ተርጓሚዋ፦ እባካችሁ ወደ ፊደል አትሂዱብኝ። ነገ ጠዋት ሥልጠናው ይቀጥላል፤ «አንድነት» የሚለውን ሰርዤ «ወጥነት» ጽፌያለሁ፣ ለአሠልጣኙም እሰጣቸዋለሁ። የሚቃወም አለ?

የኬሚስትሪ መምህር፦ የሽሮ ነው የምስር ብለው እንዳይጠይቁሽ ተዘጋጂ።