ልብ ወለዴን በወረቀት ብቻ ላሳትም ወይስ ለስልክም ላዘጋጅ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ልብ ወለዴን እየጨረስኩ ነው። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ደብተር ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ማታ ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ። ወረቀት ተወዶ የኅትመቱ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆኗል፤ አንባቢዎች ደግሞ "በስልክ የሚነበብ የለህም ወይ?" ይሉኛል። ግን ፒዲኤፉ አንዴ ከወጣ ቴሌግራም ላይ በነፃ መዞሩ አይቀርም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እኔ ቤይሩት ነው የምሠራው። እዚህ የአማርኛ መጽሐፍ በወረቀት ማግኘት ከባድ ነው። ማታ በስልክ አነባለሁ፣ እጄ ሥራ ሲይዝ ትረካ እሰማለሁ። ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የወደደው ሰው ስንት ነው! እባክህ ትረካውንም አስብበት።

መልስ 2፦
ፒዲኤፍ ለስልክ አይመችም። ገጹ መጠኑን ስለማይቀይር ፊደሉን ባጎላህ ቁጥር ግራና ቀኝ እየገፋህ ነው የምታነበው። ኢፐብ (ለኢ-መጽሐፍ የተሠራ የፋይል ዓይነት) አድርገው፣ ጽሑፉ በስክሪኑ ልክ ይስተካከላል። ብቻ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ የኮድ ሥርዓት፣ መጻፍህን አረጋግጥ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል።

መልስ 3፦
ስርቆቱን ዝም አትበል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህን በሕይወት እያለህም፣ ካለፍክ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ግን እያንዳንዱን ቻናል ማሳደድ የመጻፊያ ጊዜህን ይበላል። እኔ ብሆን የመጀመሪያ ምዕራፎቹን በነፃ ለቅቄ፣ ቀሪውን በቴሌብር ለከፈለ እልካለሁ። ወረቀቱንም አትተው፣ ጥቂት ኮፒ አሳትም።