ማዕበል ነው ወይስ ሞገድ? ጀልባ ላይ ያከራከረን ነገር

አስጎብኚው
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ማስጎብኘት ነው። ባለፈው ሳምንት ከዘጌ ስንመለስ ከሰዓት ሆነና ነፋስ ተነሳብን። ጀልባዋ ትዘላለች፣ ውሃው ልብሳችንን አረጠበው፣ ካፒቴኑ ደግሞ «ማዕበል ነው፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ!» ይላል። ከእንግዶቹ አንዷ ውጭ ያደገች ሐበሻ ናት፣ አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ እዚያው እየተንገላታች «ይሄማ ሞገድ ነው፣ ማዕበል የሚባለው የውቅያኖሱ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ወደ እኔ ሲዞሩ ምን ልበል? አስጎብኚ ነኝ ብዬ አፈርኩ። የውቅያኖሱን ግዙፍ ነገር በትክክል ምን እንበለው? ማዕበል፣ ሞገድ፣ ወጀብ፣ ሱናሚ ሁሉንም ቀላቅለን ነው የምንጠራው። ዜና ላይ ጭራሽ «የሱናሚ ማዕበል» ይላሉ። የምታውቁ በሉኝ እስቲ።

ባለሞተሩ
ወንድሜ ካፒቴኑ ልክ ነው። እኔም ጀልባ እነዳለሁ። ጣና ጠዋት ረግቶ ነው የምታገኘው፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል፣ ለዚህ ነው እንግዳ በጠዋት ውሰዱ የምንለው። ጀልባ ላይ «ሞገድ መጣ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙረህ ካልያዝክ የሚገለብጥህ ከሆነ ማዕበል ነው፣ አለቀ። በደንገል ታንኳ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ግማሽ ሜትሩም ማዕበል ነው። ሜትር ይዞ የሚለካ የለም።

የድሮ የቆሎ ተማሪ
ሁለቱም ከግዕዝ የመጡ ናቸው፤ ሞገድ ሲበዛ «መዋግድ» ይባላል። ዳዊት የደገመ ሰው ማዕበልና ሞገድ ጎን ለጎን ሲጠሩ ያውቃል። «ማዕበል የውቅያኖስ ብቻ ነው» ለሚለው ግን መልሱ ወንጌል ላይ አለ። ሐዋርያቱ ያሉባትን ታንኳ የመታት ማዕበል ነው፣ የመታትም ገሊላ ላይ ነው። ገሊላ ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው፣ ያውም ከጣና በብዙ እጥፍ የሚያንስ! አባቶቻችንም ጣናን ባሕር ነው የሚሉት፣ አለዚያማ ከተማችን ሐይቅ ዳር ትባል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አስቸጋሪ፣ ነዝናዛ፣ አልሰማ ባይ ሰው «ሞገደኛ» ይባላል። ማዕበለኛ ሲባል ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንደሚመስለኝ ሞገድ ተመላላሽ ነው፣ ሄደ ስትለው ይመጣል፣ ልክ እንደ ሞገደኛ ልጅ። ማዕበል ግን መጥቶ ጠርጎ ነው የሚሄደው። ይህ የራሴ ግምት ነው፣ የሚያርመኝ ካለ በደስታ።

ፊዚክስ አስተማሪ
ክፍል ውስጥ የምንጠቀመው ሞገድ የሚለውን ብቻ ነው። የድምፅ ሞገድ፣ የብርሃን ሞገድ፣ የሬዲዮ አጭር ሞገድ፤ የትኛውም ማዕበል አይባልም። ስለዚህ እንግዳዋም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፣ እያንዳንዱ ማዕበል ሞገድ ነው፣ የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም።

ነፋስ የሚያስነሳውን የውሃ ሞገድ የሚያሳድጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ነፋሱ ምን ያህል ይነፍሳል፣ ለስንት ሰዓት ይነፍሳል፣ ያለ እንቅፋት ስንት ርቀት ውሃ ላይ ይሮጣል። ጣና ቢረዝም 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱም 15 ሜትር ቢሞላ ነው፣ ስለዚህ ሞገዱ አጫጭርና የተቀራረበ ይሆንና ጀልባዋን እንደ ኮረኮንች መንገድ ያንገጫግጫታል። ውቅያኖስ ላይ ግን ነፋሱ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ከኖርዌይ ወዲያ ሰሜን ባሕር ላይ፣ ድራውፕነር በተባለ ውሃው ላይ በቆመ የጋዝ ጣቢያ ሥር ያለፈ አንድ ሞገድ ተለክቶ 25.6 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። እሱን ማዕበል ለማለት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም!

ሱናሚ ደግሞ ሌላ ነው። ነፋስ አይደለም የሚያስነሳው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ ሥር ባለው መሬት ውስጥ የሚከሰት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። መሃል ውቅያኖስ ላይ እንደ አውሮፕላን ይፈጥናል፣ ከፍታው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም፣ መርከብ ላይ ያለ ሰው ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ጉዱ የሚታየው ወደ ዳር ሲጠጋ ነው፤ ጥልቀቱ ሲያንስ ፍጥነቱ ይቀንስና ውሃው ወደ ላይ ይቆለላል። ስለዚህ ትልቅ ሞገድ ባየን ቁጥር ሱናሚ አንበል። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፣ ሱ ወደብ፣ ናሚ ሞገድ። «የሱናሚ ማዕበል» ማለት «ኤቲኤም ማሽን» እንደማለት ነው፣ ማሽኑ ሁለቴ ተጠራ። ቢሆንም ሰው ይግባባበታል፣ እኔ አልጣላም።

እማማ ነኝ
ልጆቼ፣ ሱናሚ የሚለውን ቃል እኛ ሰፈር የሰማነው ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 የእስያው አደጋ ሲደርስ ነው፣ እስከ ጎረቤታችን ሶማሊያ ድረስ ሰው ገድሏል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባው የምርጫ ሰልፍ «የሕዝብ ማዕበል» ተባለ። አያችሁ፣ ብዙ ሰው ሲወጣ የሕዝብ ሞገድ አላልንም። ወጀብን ግን ከዚህ አውጡት፣ እሱ ነፋስና ዝናብ ነው እንጂ ውሃው አይደለም።

አስጎብኚው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማማ እርስዎንም በተለይ። ለእንግዳዋ የገሊላውን ጽፌላት ሳቀች፣ ግን አልተሸነፍኩም ትላለች (ሞገደኛ ናት ማለት ነው)። ካፒቴኑንም ዛሬ ወደቡ ላይ አግኝቼ ልክ ነበርክ ብዬ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ጨርሶ ሰማኝና፣ «እኔ እኮ ያልኳችሁ ተቀመጡ ነው» አለኝ።