ፓልም ዘይት፦ የእጁን መጭመቂያ ትቼ ባለ ሞተር ልግዛ?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፓልም ዘይት የማወጣው በእጅ በሚዞር ባለ ብሎን መጭመቂያ ነው። ሁለት ሆነን ዘንጉን ስንገፋ ውለን ማታ ወገባችን ቁርጥ ይላል። ፍሬውን ከዘለላው ፈልፍለን እንቀቅላለን፣ በሙቀጫ እንወቅጣለን፣ ከዚያ ወደ መጭመቂያው። የሚያናድደኝ ግን ያን ሁሉ ለፍተን ፋጉሎው አሁንም ቅባት በቅባት ነው፣ በእጄ ስጨብጠው ይንጠባጠባል። ባለ ሞተር ስክሩ ፕሬስ (ብሎኑ እየዞረ ፍሬውን እየገፋ የሚጨምቅ ማሽን) ልገዛ አስቤያለሁ። አቅሜ ለአንድ ማሽን ብቻ ነው። ምን ትላላችሁ?

ኩሽኔታ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ጥፋቱ የመጭመቂያው ላይሆን ይችላል። ዘይቱ ያለው በፍሬው ሥጋ ውስጥ፣ ጥቃቅን ሕዋሶች ውስጥ ታሽጎ ነው፤ እነሱ ካልፈረሱ በምንም ጉልበት ብትጫነው አይወጣም። የሚያፈርሳቸው ሙቀትና ውቀጣ ነው። እኔ ብሆን ሞተሩን መጀመሪያ የማስገባው ለውቀጣው ነው። ማሽኑ ተራ ነገር ነው፦ በርሜል፣ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ሻፍት፣ ሻፍቱ ላይ የተበየዱ ክንዶች፣ በቺንጋ የተያያዘ ትንሽ ናፍታ ሞተር። ጎበዝ በያጅ ይሠራልሃል። ፍሬው እየጨሰ ይግባ፣ እየጨሰም ወደ መጭመቂያው ይሂድ። ከበረደ ዘይቱ ይወፍርና ቃጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለመሆኑ ከቀቀላችሁ በኋላ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ጥቁር ብረት፦ በዚህ እስማማለሁ። ስክሩ ፕሬሱን በተመለከተ ግን ፍሬህ ምን ዓይነት ነው? ዱራ ከሆነ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ሥጋው ስስ ነው። ስክሩ ፕሬስ ደግሞ በደንብ የሚጨምቀው ቃጫ ሲበዛለት ነው፤ ዱራ ስትሰጠው ቅርፊቱን ይሰባብረዋል፣ የአስኳሉ ዘይት ከሥጋው ዘይት ጋር ይቀላቀላል (ሁለቱ ጠባያቸው ለየቅል ነው)፣ ስብርባሪው ብሎኑን ራሱን ይበላዋል። ቴኔራ (ቅርፊቱ ስስ፣ ሥጋው ወፍራም የሆነው ዝርያ) ከሆነ ግን ግዛው፣ አንድ ሰው ከላይ እየጨመረ ሳያቋርጥ ይሠራል። ሃይድሮሊክ መጭመቂያ (በፈሳሽ ግፊት የሚጫነው) ቅርፊት ብዙም አይሰብርም፣ ግን እየሞላህ እያራገፍክ ነው።

አሮጌ ክሪክ፦ ስለ ሃይድሮሊክ ካነሳችሁ አይቀር፣ የመኪና ክሪክ እንዳትሞክር ልል ነበር፤ ግን እኔም እስካሁን የምጠቀመው እሱን ስለሆነ ዝም ልበል። ብቻ ክሪኩን ከላይ አታድርገው። እኔ አድርጌው ጎሚኒው (የክሪኩ ማሸጊያ ጎማ) ተበልቶ የሃይድሮሊክ ዘይቱ የሚበላው ዘይት ላይ ሲንጠባጠብ ሳላይ ቀረሁ፣ አንድ በርሜል ሙሉ ደፋሁ። አሁን ከሥር ነው፤ ቢያፈስም መሬት ላይ ነው።

ጀማሪው፦ ፍሬው ዱራ ነው። ለኩሽኔታ ጥያቄ ደግሞ... ማታ ቀቅለን ጠዋት ነው የምንጨምቀው 🙈

ኩሽኔታ፦ በቃ፣ አገኘኸው! እግረ መንገዴን፣ ከተቆረጠ በኋላ ሳይቀቀልስ ቀናት ያድራል? በተለይ የተላላጠው ፍሬ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ዘይቱን አሲድ ያደርገዋል፣ አሲዱ ከ5 በመቶ ካለፈ ደግሞ ገዢ ፊቱን ያዞርብሃል። ኢንዛይሙን የሚገድለው መቀቀሉ ነው። ስለዚህ መቀቀሉን አታዘግይ፣ ከቀቀልክ በኋላ ደግሞ አታሳድር።

ጀማሪው፦ ዛሬ ትኩሱን በትኩሱ ወቅጠን ጨመቅነው። ፋጉሎው ደረቅ አለ፣ እጄ ላይ ምንም የለም። በያጁን ለበርሜሉ አናግሬዋለሁ። ወገባችን ግን ያው ነው።